ሽቅብ የሄደው የኦቦ ኢቲቻ ጨርቅ

አዲስ አበባን የከበቧትን ከተሞች ሌላው ሰው የሚያውቃቸው በቤት ኪራያቸውና በታክሲ ሰልፋቸው ነው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጋሽ ዳኜ ግን ሳይጨርስ ይዞት በጠፋው ልብስ ነው የሚያውቃቸው። ሰበታ ሲሉት እጅጌ ያልተገጠመለት የክርስትና ቀሚስ ትዝ ይለዋል። ሱሉልታ ሲሉት ምንም ትዝ እንዳላለው ሰው መሬት ላይ መርፌ መፈለግ ይጀምራል። ቡራዩ ከገባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እዚህም ቢሆን በቀን የማያልፍባቸው ሁለት መንገዶች አሉ።

መጥፎ ልብስ ሰፊ እንዳይመስላችሁ። የሰፋው ሱሪ ባለቤቱ አርጅቶ ሱሪው አያረጅም። ችግሩ ማስረከብ ላይ ነው። ደንበኛ በሩ ላይ ሲቆም እግሩ መርገጫው ላይ፣ ዓይኑ መርፌው ላይ ሆኖ አፉ ብቻውን «ነገ ና» ይላል። ደንበኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነ ደግሞ አያዳላም፤ «ቦሩ ኮቱ» ይለዋል፤ ያው ነገ ና ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ «ነገ ና» የተባለው ሰው ከመንገደኛው ሲበዛ፣ የስፌት መኪናውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ወደሚቀጥለው ከተማ ይዛወራል። ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ፣ ከሰበታ ወደ ሱሉልታ፣ ከሱሉልታ ወደ ቡራዩ የመጣው እንዲሁ ነው።

ያልተሰፋውን ጨርቅ ግን አንዷን ሳያስቀር አብሮ ይጭናል። እንዳይቀላቀልበትም በእያንዳንዱ ጨርቅ ጠርዝ ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ የባለቤቱን ስም፣ ከተማውንና ልኩን ይጽፋል።

«የሰው ጨርቅ እኔ ዘንድ ጠፍቶ አያውቅም» ይላል ደረቱን ነፍቶ።

እውነቱን ነው። የሚጠፋው እሱ ነው።

እኔ ወንዲ እባላለሁ። ከሱቁ ጋር በአንድ ቆርቆሮ ተለያይተን ሞባይል እጠግናለሁ። ቆርቆሮው ስስ ስለሆነ ጆሮዬን ማስጠጋት አላስፈለገኝም፤ የማወራላችሁ ሁሉ በራሱ እግር እየመጣ የገባልኝ ነው።

ዘንድሮ ጋሽ ዳኜ የትምህርት ቤቱን የመስከረም ዩኒፎርም ያስረከበው በኅዳር ነው። ሁለት ወር ሙሉ ተማሪው ያገኘውን ለብሶ ተማረ፤ አንዱ በአጎቱ የሠርግ ሱፍ ፈተና ተፈተነ አሉ። ርዕሰ መምህሩ አቶ ስምዖን በመጨረሻ ራሱ ሱቁ ድረስ መጣ። አቶ ስምዖን ሲናደድ የማይጮህ፣ ሰዓቱን ብቻ የሚያይ ሰው ነው።

«አቶ ዳኜ፣ ሰኞ ከሌላ ልብስ ስፌት ጋር ልንፈራረም ነው።»

«እነሱ መቼ ነው የሚያስረክቡት?»

«በተባለው ቀን።»

«እንደሱ የሚሉትን አይመኑ፣ ጋሼ! እንደሱ የሚል ሰው ያጭበረብራል!»

አቶ ስምዖን ሰዓቱን አይቶ ሄደ። የጋሽ ዳኜ ሚስት የሺወርቅ ደግሞ ያን ዕለት ምሳ ይዛለት ስትመጣ ሳህኑን ሳታስቀምጥ ነው የጀመረችው።

«ዩኒፎርሙ ከሄደ ይሄ ሱቅ ይዘጋል። ሰበታ ፋብሪካ ትቀጠራለህ። ወንድሜን አነጋግሬዋለሁ።»

ይህ ለጋሽ ዳኜ እስር ቤት እንደ መግባት ነው። ፊሽካ ሲነፋ ገብቶ፣ ፊሽካ ሲነፋ አስረክቦ መውጣት! ያውም ሰበታ! ያን ቀን ምሳውን አልበላም፤ ሽሮው ሲቀዘቅዝ በቆርቆሮው በኩል ሸተተኝ።

ያዳነችው የፊዚክስ መምህርቷ ኡሙልኸይር ናት። እሷ የምትመራው የሳይንስ ክበብ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ የአየር ፊኛና ጋዝ አግኝቶ ነበር። ከፊኛው ሥር የፎም ሳጥን ይንጠለጠላል፤ ሳጥኑ ውስጥ የሙቀት፣ የአየር ግፊትና የእርጥበት መለኪያ አለ። ፊኛው አውሮፕላን ከሚሄድበት እጥፍ ከፍታ ይወጣና ይፈነዳል፤ ሳጥኑ በፓራሹት ይወርዳል። የበረራው ፈቃድ ወጥቷል፣ ቀኑ ቅዳሜ ተብሏል፣ የጎደለው ፓራሹቱ ነው። መምህርቷ ለአቶ ስምዖን «ከጋሽ ዳኜ የተሻለ እጅ አናገኝም» አለችው። እሱም ጋሽ ዳኜን ጠርቶ በእኛ ሁሉ ፊት ተናገረ።

«ዓርብ በአሥር ሰዓት እጄ ከገባ፣ ሳጥኑም ሳይሰበር ከተመለሰልን፣ የመጪው ዓመት ዩኒፎርም የእርስዎ ነው። አለዚያ ሰኞ እፈርማለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት መምህርት ኡሙልኸይርና የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏ ሩቲ ነጭ ናይለን ይዘው ሱቁ መጡ። ጋሽ ዳኜ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ተነሳ።

«ደንበኛው የታል? ወገቡን ልለካው።»

«ደንበኛው ፊኛ ነው፣ ጋሽ ዳኜ» አለች ሩቲ። «ሲነሳ ወርዱ ሁለት ሜትር ነው። ከላይ አየሩ ስለሚሳሳ ግን እየተነፋ፣ እየተነፋ ስምንት ሜትር ይደርሳል።»

ጋሽ ዳኜ ምንም አልገረመውም። «እንደሱ ዓይነት ደንበኛ ሞልቶኛል። ልክ ስወስድ ሌላ፣ ሳስለካ ሌላ።»

«በመሃል አራት ዓመት ስለሚያልፍ ነዋ!» አልኩ ከቆርቆሮው ማዶ።

«ወንዲ፣ አንተ ስልክህን ጠግን!»

መምህርቷ ሥዕሉን ዘረጋችለት። ክብ ነው፤ ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ፤ ዙሪያውን ገመድ የሚታሰርበት ማንገቻ አለው። መሃሉ ላይ ደግሞ ቀዳዳ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቀዳዳ ነው። አየሩ በዚያ ካልወጣ ሳጥኑ እንደ ዥዋዥዌ እየተወዛወዘ ይወርዳል።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት የሰው ቀዳዳ ስደፍን ኖሬ፣ አሁን በአዲስ ጨርቅ ላይ ቀዳዳ ላስረክብ? ስሜስ?»

«ቀዳዳ ነው አይበሉት» አለች ሩቲ። «አንገት ነው ብለው ያስቡት።»

«አንገት ከሆነ እሺ» አለና ሥራውን ተቀበለ። መምህርቷ «መቼ ልምጣ?» ስትለው አፉ ሊከፈት ሲል የሺወርቅ በሩ ላይ ቆማ አያት። ዘጋው።

ታምር የሚባለው ሐሙስ ዕለት ሆነ። ከሰዓት በኋላ ፓራሹቱ አለቀ። ከቀጠሮው አንድ ቀን በፊት! ተነስቼ ሄጄ በዓይኔ አየሁት፤ ስፌቱ በመስመር የተሰመረ ይመስላል። እዚያ ላይ ቢተወው ይሄን ሁሉ ባላወራሁ። ግን ጋሽ ዳኜ ሳይተኩስ ያስረከበው ልብስ የለም። የከሰል ካውያውን አነሳና ናይለኑ ላይ አሳረፈው።

ሲጢጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ሽታው መጣ።  ብቅ ስል ነጩ ናይለን መሃሉ ላይ አምባሻ የሚያህል ቡናማ ቀዳዳ ተከፍቶበት፣ ዳርና ዳሩ እንደ ቁርበት ተኮማትሯል።

«አንገቱ ትንሽ ሰፋ፣ አይደል?» አልኩት።

 ወደ ጓዳ ገብቶ ጥቅል ጨርቅ ይዞ ወጣ። ብርቱካንማ ነው፤ ውኃ የማያስገባ፣ ሲነኩት ቀዝቀዝ የሚል የዝናብ ጨርቅ። ጠርዙ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ፦ «ኦቦ ኢቲቻ፣ ሱሉልታ፣ የዝናብ ካፖርት፣ ትከሻ ሃምሳ ሁለት።» ኦቦ ኢቲቻ የሱሉልታ ወተት ነጋዴ ናቸው፤ በፈረስ ወተት ሲያመላልሱ ዝናብ እንዳይመታቸው ብለው ጨርቁን ገዝተው ሰጡት። ይህ የሆነው ከስድስት ክረምት በፊት ነው።

«ጋሽ ዳኜ፣ የሰው ጨርቅ እኮ ነው!»

«ለአንድ ቀን ነው። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይመለሳል። ከዚያ ለሳቸው ካፖርታቸውን እሰፋላቸዋለሁ።»

«መቼ?»

እሱም እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን አየሁት፤ መልሱን ሁለታችንም ስለምናውቀው ወደ ሥራችን ተመለስን። ምስጢሩን ለማንም አልተናገርኩም። ለየሺወርቅ ብቻ ነግሬያለሁ፤ እሷ ደግሞ ሚስቱ ስለሆነች አይቆጠርም።

ጨርቁን ሲቆርጥ ሌላ ነገር ታዘብኩ። መምህርቷ የሰጠችው ልክ አንድ ሜትር ከሃያ ነበር። እሱ አንድ ሜትር ከሰባ አደረገው።

«በዛሳ?»

«ለተማሪ ሲሰፋ ሁልጊዜ ሰፋ ይደረጋል። ልጅ ያድጋል።» ስድስት ዓመት ዩኒፎርም የሰፋ እጅ ነዋ! የጨርቁን ጠርዝ ከነጽሑፉ አጥፎ ሰፋው፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እጁ በልማድ በውስጥ በኩል ኪስ ገጠመለት። ኪሱ ባዶ ከሚሆን ብሎ «ዳኜ ልብስ ስፌት፣ ቡራዩ» የሚለውን ካርዱን ከነስልክ ቁጥሩ ከተተበት። «ማን ያውቃል፣ አንድ ሰው ቢያገኘው ደንበኛ ይሆናል።»

ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ሳይተኩስ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ለአቶ ስምዖን አስረከበ። አቶ ስምዖን ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። መምህርት ኡሙልኸይር «ነጭ አልነበረም እንዴ የሰጠንዎት?» ስትለው «ነጭ ከደመና ጋር ይመሳሰላል፤ ይሄ ከሩቅ ይታያል» አላት። እውነትም ስለመሰላት አመሰገነችው።

ቅዳሜ ማለዳ በሁለት ሚኒባስ ወደ ሰበታ ሄድን። መምህርቷ አስልታዋለች፤ በዚህ ወር የላይኛው ነፋስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚነፍስ ፊኛው ከሰበታ ከተለቀቀ ሳጥኑ ቡራዩ ዳር ያለው ሜዳ ላይ ይወድቃል። እኔን የወሰዱኝ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን መከታተያ ስላዘጋጀሁላቸው ነው፤ ሲም ካርድ አለው፣ ያለበትን ቦታ በስልክ ይልካል። ጋሽ ዳኜን የወሰደው ጭንቀት ነው። ባርኔጣ፣ ጥቁር መነጽርና የሚስቱን ሻርፕ አድርጎ መጣ። ሰበታ ስንደርስ ከመቀመጫው ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ረዳቱ ያልተከፈለበት ዕቃ መስሎት ሊያነሳው ነበር።

ሜዳው ላይ ፊኛው መነፋት ሲጀምር ሰበታ ወጥታ ከበበችን። አንዱ ሠርግ ነው አለ፣ ሌላው የስልክ ኔትወርክ ሊሰቅሉ ነው አለ። ጋሽ ዳኜ ከሰው ጀርባ ተሸጉጦ ዝም እንዳለ ቢቆይ ማንም አያውቀውም ነበር። ግን ሩቲ ገመዱን ከማንገቻው ጋር በነጠላ ስታስረው ሲያይ አላስቻለውም።

«በድርብ! በድርብ እሰሪው እንጂ! ስፌቴን ልታስተረትሪው ነው?»

ሜዳው ዳር ሻይ የምትሸጠው አሰጋሽ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለች። መጣችና ሻርፑን ገለጥ አደረገችው። «ዳኜ!»

«ተሳስተሻል፣ እህቴ።»

«ለልጄ ክርስትና እሰፋልሻለሁ ያልከኝ ቀሚስ የታል?»

«እጅጌው ብቻ ነው የቀረው!» ብሎ ራሱን አጋለጠ።

«ልጅቷ እኮ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው! አንተ ሰው፣ ቀሚሱ ሳይደርስ የራሷን ልጅ ክርስትና ልታስነሳ ነው!»

«አሰጉዬ፣ ዛሬ ብቻ ተይኝ። ዛሬ ሥራዬ የሚታይበት ቀን ነው። ያ ሳጥን ካልተመለሰ እዚሁ ሰበታ ፋብሪካ ልገባልሽ ነው።»

«ግባ እንጂ! በየቀኑ ሻይ ቤቴ በር ላይ ታልፋለህ!» አለች፤ እጁን ግን ለቀቀችው። እሷም ብትሆን ፊኛውን ማየት ፈልጋለች።

ልክ በሦስት ሰዓት ለቀቁት። ፊኛው ድምፅ ሳያሰማ ተነሳ፤ ከሥሩ ብርቱካንማው ጨርቅ፣ ከጨርቁ ሥር ሳጥኑ። ሕዝቡ ጮኸ። ጋሽ ዳኜ መነጽሩን አውልቆ አንገቱን እስኪያመው ቀና አለ። በቀጠሮው ቀን ከእጁ የወጣ የመጀመሪያ ሥራው ነው፤ እሱም ሽቅብ ሄደበት። ዓይኑ እንባ ያቀረረ ሲመስለኝ «ምነው?» አልኩት። «ፀሐይ ነው» አለኝ። ፀሐይ ከጀርባችን ነበረች።

ትንሽ ቆይቶ መከታተያው ዝም አለ።

«ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ኔትወርክ የለም» አልኳቸው።

«ከሦስት በታችስ አለ?» አለች አሰጋሽ።

ቡራዩ ዳር ያለው ሜዳ ላይ ሄደን ጠበቅን። አምስት ሰዓት ሆነ፣ የለም። አምስት ተኩል ሆነ፣ የለም። ሁላችንም ወደ ሰማይ፣ አቶ ስምዖን ወደ ሰዓቱ፣ ጋሽ ዳኜ ወደ አቶ ስምዖን እናያለን። ስድስት ሰዓት አካባቢ ስልኬ ጮኸ።

«ወረደ!» አልኩ። ካርታውን ከፍቼ አየሁና ድምፄ ቀነሰ። «ሱሉልታ።»

ጋሽ ዳኜ መሬት ላይ መርፌ መፈለግ ጀመረ።

«አይቻልም!» አለች መምህርት ኡሙልኸይር። «እዚያ የሚደርሰው ካሰብነው በጣም ቀስ ብሎ ከወረደ ብቻ ነው። ጋሽ ዳኜ፣ ልኩን ጠብቀው ነው የሰፉት?»

«ትንሽ ሰፋ አድርጌዋለሁ። ለዕድገት።»

«ፓራሹት ያድጋል እንዴ?!»

ሩቲ ካርታው ላይ ጣቷን ቀሰረች። «ሳጥኑ እየሄደ ነው!» ነጥቧ ከሜዳው ተነስታ፣ መንገድ ተሻግራ፣ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው ቆም ቆም እያለች ወደ መንደር ገባች። እዚያም አንድ ቤት ላይ ቆመች። ወዲያው የጋሽ ዳኜ ስልክ ጠራ። እኔ ከጠገንኩለት ወዲህ ያ ስልክ ያለ ላውድ ስፒከር አይሠራም፤ ሁላችንም ሰማን።

«ሃሎ፣ ዳኜ? አካም ጅርታ?»

«ፈ... ፈያ፣ ደህና ነኝ። ማን ልበል?»

«ኢቲቻ ነኝ። ጨርቄ ደርሶኛል። አንተስ መቼ ትደርሳለህ?»

በአስኮ፣ በአዲሱ ገበያ አድርገን የጎጃምን መንገድ ስንይዝ በሚኒባሱ ውስጥ ነገሩ ሁሉ ፈነዳ። እኔ አልተናገርኩም፤ የሺወርቅ ናት በስልክ ለመምህርቷ የነገረቻት። አቶ ስምዖን ከፊት ወንበር ሳይዞር «የሰው ጨርቅ?» አለ። ጋሽ ዳኜ «ለአንድ ቀን» አለ። 

ሳጥኑ የወረደው ድርቆሽ ክምር ላይ ነው። ያገኘው ዲሪርሳ የሚባል ድርቆሽ አጫጅ ነው። ሳጥኑ ላይ «ያገኘ በዚህ ስልክ ይደውል» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ዲሪርሳ ግን ጨርቁ ከድርቆሹ ሲላቀቅ እጥፋቱ ተተርትሮ የተጻፈውን አነበበ። በሱሉልታ ኦቦ ኢቲቻን የማያውቅ የለም። የሰውየው ስም፣ የሰውየው ከተማ፣ የትከሻቸው ልክ ሳይቀር ተጽፎ እያለ ማን ስልክ ይደውላል? ተሸክሞ ወሰደላቸው። እሳቸው ደግሞ ስድስት ዓመት የፈለጉትን አድራሻ ኪሱ ውስጥ አገኙት።

ደጃቸው ስንደርስ ኦቦ ኢቲቻ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሳጥኑን ከወንበሩ ሥር፣ ብርቱካንማውን ጨርቅ ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁን። ሳጥኑ አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። ያ የሰፋው ልክ እንደ ላባ አድርጎ ነው ያወረደው።

«ኦቦ ኢቲቻ፣ እባክዎ» አለች መምህርት ኡሙልኸይር። «ውስጡ ልጆቹ የለፉበት ነገር አለ። የላይኛው አየር ሙቀት፣ ግፊት፣ እርጥበት...»

«እርጥበቱን እኔን ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር፣ ልጄ። ስድስት ክረምት ያለ ካፖርት ወተት አመላልሻለሁ።»

«እኛ አናውቅም ነበር።»

«እናንተ ጥፋት የለባችሁም። ሳጥኑ የናንተ ነው፣ ጨርቁ የኔ ነው። ሁለቱ ግን ታስረዋል፤ የሚፈታቸው ያሰራቸው ነው። ዳኜ! ካፖርቴን ስትጨርስ ሳጥኑ ይሄዳል።»

«ኦቦ ኢቲቻ፣ ይሙቱ ስልዎት፣ የቀረው ጨርቅ ቡራዩ ነው፤ ነ...»

«ነገ እንዳትለኝ! ቦሩም እንዳትለኝ! ሃርአ!» ዛሬ ማለታቸው ነው፤ የተረጎመልን ሰው አልነበረም፣ ግን ሁላችንም ገብቶናል።

ጋሽ ዳኜ ወደ አቶ ስምዖን ዞረ። «ሳጥኑ አልተሰበረም፣ ያዩታል።»

«ሳይሰበር ከተመለሰ ነው ያልኩት» አለ አቶ ስምዖን። «አልተመለሰም።»

ጋሽ ዳኜ ጨርቁን ተቀብሎ አገላበጠው። ክብ ነው፤ ክብ ጨርቅ እጅጌ አይወጣውም፣ ጀርባ አይወጣውም። ፊቱ አመድ መሰለ። የፋብሪካው ፊሽካ እየተሰማው እንደሆነ አውቄያለሁ። ያኔ ሩቲ ቀዳዳውን በጣቷ ነካች።

«አንገት ነው ብለን አልነበር?»

ጋሽ ዳኜ ቀዳዳውን አየ። ኦቦ ኢቲቻን አየ። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ መዞ «የስፌት መኪና ያለው ሰው አለ?» አለ። የኦቦ ኢቲቻ ምራት የእግር መኪናዋን ወደ ደጅ አወጣችለት።

ስድስት ዓመት ጎረቤቱ ሆኜ ጋሽ ዳኜን አንድ ልብስ በአንድ ቁጭታ ጀምሮ ሲጨርስ አይቼው አላውቅም። የዚያን ቀን አየሁት። ምላሱን በጥርሱ መሃል ይዞ፣ ለማንም ሳይመልስ፣ ቀዳዳውን ለጭንቅላት እንዲበቃ አሰፋው፣ ኮሌታ ገጠመለት፣ ከፊት ለፊት ሰንጥቆ ከፈተው፣ የገመዶቹን ማንገቻ ፈትቶ ደረት ላይ ማሰሪያ አደረገው። ኪሱን አልነካውም፤ ቦታው ልክ ነው። ሱሉልታ ቀስ በቀስ ደጁ ላይ ተሰበሰበች። ከመሃላቸው «ጃኬቴስ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። «ቆይ፣ ይጨርስ!» ብለው ዝም አሰኙት።

ሲጨርስ ከፊሉ ባርኖስ፣ ከፊሉ የዝናብ ካፖርት የሆነ፣ ፈረስ ላይ ቢቀመጡበት ፈረሱን ጭምር የሚያለብስ ነገር ወጣ። ኦቦ ኢቲቻ ለበሱት። ምራታቸው አንድ ጆግ ውኃ ትከሻቸው ላይ ደፋችባቸው። ውኃው ቁልቁል ተንሸራቶ ጠፋ። ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ፤ ሳጥኑንም ከወንበሩ ሥር በእግራቸው ገፋ አደረጉት።

ሩቲ ሳጥኑን እዚያው ከፍታ ሚሞሪ ካርዱን ላፕቶፕ ላይ ሰካችው። መምህርት ኡሙልኸይር ቁጥሮቹን ስታይ «አልሀምዱሊላህ» ብላ ሩቲን አቀፈቻት።

«እስከ የት ሄደ ካፖርቴ?» አሉ ኦቦ ኢቲቻ።

«ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር ሽቅብ» አለች ሩቲ።

«እዚያ ይበርዳል?»

«አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ላይ ከዜሮ በታች ሰባ አምስት ዲግሪ ነበር። ከዚያ በላይ ግን መልሶ እየሞቀ ይሄዳል።»

«ሰባ አምስት?» አለ ጋሽ ዳኜ ደንግጦ። «ያለ ገበር?»

ሁላችንም ስንስቅ አቶ ስምዖን አልሳቀም። ሰዓቱን እያየ ነበር።

«አቶ ዳኜ» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄን ስንት ሰዓት ፈጀብዎት?»

«እንጃ... ብዙም አይደለም።»

«አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ። ከመለካት እስከ ማስረከብ።»

 የሱሉልታ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ጋሽ ዳኜ ምን እንዳደረገ ያን ጊዜ ገባው፤ ሠላሳ ዓመት የደበቀውን ነገር በአደባባይ አሳየ።

«ቃሌ ቃል ነው» አለ አቶ ስምዖን። «ሳጥኑ ተመልሷል። ዩኒፎርሙ የእርስዎ ነው። ሰኞ የምፈርመው ከእርስዎ ጋር ነው። ማስረከቢያው ጳጉሜን አንድ። ለምን አልቻልኩም እንደሚሉኝ ግን አሁን አላውቅም።»

ፋብሪካው ቀረለት። እኔ ደስ ብሎኝ ትከሻውን ስመታው፣ ፊቱ ግን ሎተሪ ደርሶት ቲኬቱ የጠፋበት ሰው ይመስላል።

ወሬው እንዴት ቡራዩ እንደደረሰ አይታወቅም። ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት በሩ ላይ አሥራ አራት ሰው ቆሟል፤ የእሱ አግዳሚ ሞልቶ የኔ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ የጃኬቱን ዚፕ፣ አንዷ የጉርዷን እጥፋት፣ አሰጋሽ ደግሞ ከሰበታ ልጇን በእጇ ይዛ። ልጅቷ ቁመቷ ከእናቷ ይበልጣል።

«ነገ...» ብሎ ጀመረ ጋሽ ዳኜ።

«እንቀመጣለን» አለች አሰጋሽ። «አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ አይደል?»

ልጅቷን አስነስቶ ለካት። እስከ ምሳ ሰዓት መኪናው አላቆመም። ከዚያ በኋላም አላቆመም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም በቆርቆሮው በኩል ለስለስ ያለ ድምፅ መጣ።

«ወንዲ።»

«አቤት፣ ጋሽ ዳኜ።»

«ሰንዳፋ ቤት ኪራይ እንዴት ነው?»

«ርካሽ ነው ይላሉ።»

«ለገዳዲስ?»

«እሱም ደህና ነው። ግን ጋሽ ዳኜ፣ ሩቲ ምን እንዳለችኝ ልንገርህ? በሚቀጥለው ዓመት ፊኛውን ከሱሉልታ ነው የሚለቁት። ነፋሱ ወደ ሰንዳፋ ነው።»

 ከዚያ መርገጫው እንደገና ሲሄድ ሰማሁ።